መምህር ታደለና ፍሬን ያጣው ቁልቁለት

መካነ ሰላም ውስጥ ለሽርሽር ብሎ ሳይክል የሚነዳ ሰው ቢፈለግ የሚገኘው መምህር ታደለ ብቻ ነው። ሌላው የሚነዳው ለጉዳይ ነው። እሱ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ሱሪውን ካልሲው ውስጥ ከትቶ ወደ ወንዙ ሸለቆ ይወርዳል። ምን ሊያደርግ? ምንም። ወንዙን አይቶ ሊመለስ። «ወንዝ አይተህ አታውቅም እንዴ?» እያለ ያገሩ ሰው ስቆ ስቆ ሲደክመው ተወው።

መዘዙ የመጣው ከክረምት በፊት ነው። አንድ ቅዳሜ ቁልቁለቱን ሲወርድ ፍሬኑ እንቢ አለው። ከታች ደግሞ የሚስቱ የዝናሽ አባት አቶ ብዙነህ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ወደ ከተማ እየወጡ ነበር። አማቻቸውን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሊስሙት ቆሙ። ታደለ ጭልፊት ሆኖ አለፋቸው። ባገሩ ወግ ትልቅ ሰው ያየ ከበቅሎው ይወርዳል፤ ሳይክልም ያው በቅሎ ነው፣ ገብስ አይበላም እንጂ። አቶ ብዙነህ ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉና «ናቀኝ» አሉ። ፍሬኑ ነው ቢባሉ ማን ሰምቶ! «በቅሎዬ እንቢ አለች ብሎ ሳይወርድ ያለፈ ሰው አላየሁም» ብለው ደመደሙ።

ያኔ ዝናሽ እርጉዝ ነበረች። አሁን ሴት ልጅ ወልዳ ክርስትናዋ ለእሑድ ተቆርጧል፤ አያትየው ግን አልመጣም ብለዋል። ዝናሽ ባሏን አልወቀሰችም። ልጇን እያጠባች «አባቴ ሳይመርቃት ልታድግ ነው» አለች። ታደለን ያቺ ቃል አመመችው።

ቅዳሜ ጠዋት ፍሬኑን አሳድሶ አማቱን ይቅርታ ሊጠይቅ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ቤታቸው ተነሣ። ከጅዳ ተመልሳ ሱቅ የከፈተችው ጎረቤቱ ራሕማ «አብሽር መምህር! ብቻ ያገኘኸውን ሁሉ እየወረድክ ሰላም በል፤ ወሬው ቀድሞህ ይድረስ» ብላ መከረችው።

ምክሩ ደህና ነበር፤ ችግሩ ታደለ ምክር ሲሰማ እስከ ጥግ ድረስ ነው። ለሽማግሌ ወረደ፤ ለባልቴት ወረደ፤ ቤተ ክርስቲያን ሊሳለም ወረደ፤ ጀርባውን ሰጥቶ ለቆመ ሰው ወርዶ እስኪዞር ጠበቀ። ሰላምታው ደግሞ ከብቱንና እህሉን ሳይጠይቅ አያልቅም። ለአንዲት አህያ ሳይቀር ወርዷል ብለው የሚምሉ አሉ፤ እሱ ባለቤቷ ከኋላ ይኖራል ብሎ ነው። የአንድ ሰዓቱ መንገድ አራት ሰዓት ፈጀ።

የወንዙ ድልድይ ጋ ሲደርስ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታለች። አማቱ ከቀትር በኋላ ማኅበር እንደሚሄዱ መንገድ ላይ ሰምቷል። ስለዚህ ዙሪያውን የሚሄደውን የመኪና መንገድ ትቶ በድንጋያማው አቋራጭ ሽቅብ ገባ። እዚያ ላይ ሳይክል አይነዳም፣ አይገፋምም። ተሸከመው።

አቶ ብዙነህ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ያዩታል። ባገሩ ይቅርታ የሚለምን ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ይመጣል። ይሄኛው ሳይክሉን እንደተሸከመ፣ እያለከለከ፣ እግራቸው ሥር በጉልበቱ ወደቀ። እውነቱን ለመናገር ጉልበቱ ከድቶት ነው እንጂ ስለ ድንጋዩ ወግ ጨርሶ አላሰበም ነበር። ቢሆንም አላስተባበለም።

«አውርደው» አሉ። «ጥፋቱን ራሱን ተሸክሞ የመጣ ሰው ገና ዛሬ አየሁ።»

«የልጅቷስ ክርስትና፣ አባባ?»

አቶ ብዙነህ ሳይክሉን ዞረው ዞረው አዩት። «አሁን ፍሬኑ ይይዛል?»

«ይይዛል።»

«በዓይኔ ካላየሁ አላምንም» ብለው ጋቢያቸውን አጣፉና የኋላው ዕቃ መጫኛ ላይ ተቀመጡ።

በመኪናው መንገድ ቁልቁል ወረዱ። ታደለ ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ እያደረገ ቢጠነቀቅም ነፋሱ ጋቢያቸውን አነሣው፤ የሰባ ዓመቱ ሰውዬ ከኋላው ሳቃቸውን ለቀቁት። ወዲያው ከመታጠፊያው የነፍስ አባታቸው ቄስ ምንይችል ብቅ አሉና ሊያሳልሟቸው መስቀላቸውን አወጡ። ታደለ ፍሬኑን ሊይዝ ሲል አንድ ጠንካራ እጅ ትከሻውን ጨመደደው።

«እንዳትቆም!»

«አባባ፣ ቄሱ እኮ ናቸው!»

«ንዳ አልኩህ!»

ቄሱ መስቀላቸውን እንደዘረጉ ቀሩ።

ድልድዩ ላይ ሲቆሙ አቶ ብዙነህ ወርደው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ዞር ሲሉ ቄሱ መቋሚያቸውን ይዘው በቁጣ እየመጡ ነው።

«እሑድ እመጣለሁ» አሉት አማቱ ቀስ ብለው። «አሁን ግን ለኚህ ሰውዬ አንተ ንገርልኝ።»

«ምን ልበላቸው?»

አቶ ብዙነህ መሬት መሬት አዩ።

«ፍሬኑ ነው በላቸው።»