የጋሽ ወልዴ ጆሮ

ይህን ለሚስቴ አልነገርኳትም። የንስሐ አባቴም ሲጠይቁኝ የማይረባ የማይረባውን እያወራሁ ይቺን ዘልያታለሁ። ለአንተ፣ ለማታውቀኝ አንባቢ፣ የምናገረው ምናልባት ፊቴን ስለማታይ ይሆናል። አንድ ሰው በእኔ እብሪት ሞቷል። ሌላው ደግሞ በእኔ ውሸት ተፈርዶበታል። ሁለቱንም ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ከሚሌኒየሙ በኋላ ባሉት ዓመታት ቦንጋ ውስጥ የመኪና ሙዚቃ እገጥም ነበር። ከኋላ በሳጥን የሚቀመጠውን ትልቁን ስፒከር፣ ሳብውፈሩን፣ እኔ ከገጠምኩት የሱቅ መስታወት ይንቀጠቀጣል። ወጣቱ መኪናው ገና ሳይታይ በድምፁ ብቻ «ይሄማ የእሱ እጅ ነው» ይል ነበር። ይህን መስማት እወድ ነበር። አለቅጥ እወድ ነበር።

ጋሽ ወልዴ ከቦንጋ ዋጫ ሚኒባስ የሚነዱ ትልቅ ሰው ነበሩ። ሳብውፈሩን ያስገጠመው የመኪናው ባለቤት ነው፤ ወጣት ተሳፋሪ ይስብልኛል ብሎ። እሳቸው አልወደዱትም። ወደ ኋላ ሲነዱ ዓይናቸው የረዳታቸው የአስራት እጅ ነበር። አስራት የማንኪራ ሰው ነው፤ ከኋላ ቆሞ የመኪናውን ቆርቆሮ ይመታል። ቀስ ቀስ እያደረገ ከመታ ና ማለቱ ነው፤ አንዴ ጠንከር አድርጎ ከመታ ቁም ነው። የእኔ ቤዝ፣ የሳብውፈሩ ወፍራም ድምፅ፣ ደግሞ ልክ ቆርቆሮ የሚመታ ሰው ይመስል ነበር። ስለዚህ ጋሽ ወልዴ ወደ ኋላ ከመሄዳቸው በፊት ቴፑን ይዘጋሉ፤ ተሳፋሪው ይጮህባቸዋል፣ ባለቤቱም ያሾፍባቸዋል። ቢሰለቻቸው ወደ እኔ መጡ።

«አንተ ልጅ፣ የአስራት እጅ ከዚህ ከበሮህ ጋር ተቀላቀለብኝ። ለይልኝ» አሉኝ።

መለየት ይቻል ነበር። አምፕሊፋየሩ ላይ ፊልተር የሚባል ማዞሪያ አለ፤ ዝቅ ሲደረግ ሳብውፈሩ ያንን የቡጢ ድምፅ ይተውና ጥልቁን ብቻ ያወጣል። ከጎኑ ዜሮና መቶ ሰማንያ የተጻፈበት ትንሽ መቀያየሪያ አለ፤ ሲገለበጥ የኋላው ስፒከር አየር ሲገፋ የበሮቹ ስፒከሮች ይስባሉ፣ አንዱ ሌላውን ስለሚያጠፋው ሹፌሩ ወንበር ላይ ቤዙ ይሟሽሻል። የሁለት ጣት ሥራ ነው። ግን ያ መኪና በዋናው መንገድ ሲያልፍ ስሜን ይዞልኝ ነበር የሚያልፈው። እንዲሟሽሽ አልፈለግሁም።

ጎንበስ አልኩ። ጣቴን ማዞሪያው ላይ አደረግሁ። አላዞርኩትም። ቀና ብዬ «ጨርሻለሁ» አልኩና እሳቸው የሚወዱትን የማሲንቆ ዘፈን ከፈትኩላቸው። ማሲንቆ ውስጥ ሳብውፈር የሚያስጮኽ ነገር የለም። አስራት ከኋላ መታ፤ ጥርት ብሎ ተሰማ። ጋሽ ወልዴ ደስ ብሏቸው ሳቁ። እኔም «ከእንግዲህ ወደ ኋላ ሲሄዱ መዝጋት የለብዎትም» አልኳቸው። ይህን ምን አናገረኝ? አፌን ብይዝ ኖሮ በልማዳቸው ይዘጉት አልነበረም?

በማግስቱ የዋጫ ገበያ ነበር፤ ይዘንባል። ተሳፋሪው ሞልቶ የጭፈራ ዘፈን አስከፍቷል። ጋሽ ወልዴ መኪናውን ለማዞር ወደ ኋላ ነዱ፤ ቴፑን አልዘጉም፣ እኔን አምነው። ከኋላ ቡና የጫነ አይሱዙ ቆሞ ነበር። አስራት በሁለቱ መኪኖች መሀል ጭቃው አንሸራተተው። ቁም ብሎ መታ፤ መምታቱን የአይሱዙው ሹፌር በዓይኑ አይቷል። ውስጥ ያሉት ግን ከዘፈኑ ጋር ያጨበጭቡ ነበር። አስራት ቦንጋ ሆስፒታል ሳይደርስ መንገድ ላይ አረፈ።

ጋሽ ወልዴ ለፖሊስ «አልሰማሁም፣ ቤዙ ዋጠብኝ» አሉ። እኔ ሙዚቃውን አሳይ ተብዬ ተጠራሁ። ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ውስጥ፣ ሁሉም ቆመው እያዩኝ፣ «ሽቦው እንዳልተላቀቀ ልይ» ብዬ እዚያው ቦታ ጎንበስ አልኩ። አሁን አዞርኩት። ፊልተሩን ዝቅ አደረግሁ፣ መቀያየሪያውን ገለበጥኩ። ጋሽ ወልዴ የለመኑኝን ሥራ በትክክል የሠራሁት ያን ጊዜ ነው። ያው የጭፈራ ዘፈን ተከፈተ፣ ትራፊክ ፖሊሱ ከኋላ መታ።

«ተሰማዎት?» አለ ፖሊሱ።

«ተሰማኝ» አሉ ጋሽ ወልዴ ከሹፌሩ ወንበር ላይ ሆነው። ከዚያ ቀስ ብለው እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ወሰዱ። «እንግዲያው ጆሮዬ ነው» አሉ።

ተፈረደባቸው፣ ታሰሩ። ከወጡ በኋላ መሪ አልጨበጡም። ከተማው ሁሉ ሲያናግራቸው ድምፁን ከፍ ያደርግ ጀመር። የአስራት ሚስት ገበያ ላይ ስታያቸው ፊቷን ታዞራለች፤ እኔን ግን ስለ ቤተሰቤ ጤና ሳትጠይቀኝ አታልፍም።

አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አገኘኋቸው። «አንተማ ደህና አድርገህ ሠርተህልኝ ነበር፤ እኔው ነኝ የደነቆርኩት» አሉኝ። እኔ በሹክሹክታ፣ ለራሴ ያህል፣ «እንዲህ አይበሉ» አልኩ። «ምን ላድርግ ልጄ፣ እርጅና ነው» ብለው ወዲያው መለሱልኝ። ሰምተውኛል። ከዚያ ደንቆሮ መሆናቸው ትዝ ሲላቸው እጃቸውን ጆሯቸው ሥር አድርገው፣ እንድደግምላቸው ጠጋ አሉኝ። ያኔ መናገር እችል ነበር። ሰው አልነበረም፣ እሳቸውና እኔ ብቻ ነበርን። ተሰናብቻቸው ሄድኩ።

ልጅ ነበርኩ ልበል? ሚስት ያገባሁ ሰው ነበርኩ። እስር ፈርቼ ልበል? ፈርቻለሁ፤ እሳቸውስ አይፈሩም ነበር? ሊያርፉ ሲሉ ለአስራት ሚስት «ጆሮዬን ይቅር በይልኝ» ብለው ሽማግሌ ልከዋል። ይህን ለቅሶ ቤት ተቀምጬ፣ ንፍሮ እየቆረጠምኩ ሰማሁ።

አንተን ይቅር በለኝ አልልህም፤ አንተን አልበደልኩም። ይቅርታው ያለው የአስራት ሚስት ጋ ነው፣ እሷም ዛሬ ድረስ ሰላም ትለኛለች። ይህን ከጻፈ ነግሯት ይሆናል ብለህ አታስብልኝ፤ አልነገርኳትም። ለእሳቸው በሕይወት ሳሉ ልላቸው ይገባ የነበረውን ግን እነሆ፣ የሚሰማኝ ጆሮ አፈር ከገባ በኋላ እላለሁ።

ጋሽ ወልዴ፣ ጆሮዎ ደህና ነበር።