ከባሌ በፊት ለእኔ ንገሪኝ

በእኛ አገር ክፉ ወሬ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ባለቤቱ ጆሮ ነው። መጀመሪያ ጎረቤት ይሰማል፤ ቀጥሎ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ሁሉም ምንም እንዳልሆነ ፊቱን አሳምሮ ከጎንሽ ይቀመጣል። አንቺ ደግሞ ምስኪን፣ ሊያረዱሽ ለመጡት ሰዎች ሻይ ታፈያለሽ።

የመጀመሪያ ልጄን ድሬዳዋ በእርግዝናዬ ሰባተኛ ወር ሳጣም እንዲሁ ነው የሆነው። እናቴ "ሕፃኑ ሙቀት ክፍል ነው፣ አይዞሽ" እያለች አጥሚት ታጠጣኛለች። ባሌም ያውቅ ነበር። አንዲት ጎረቤታችን አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ "እንኳን አንቺን አተረፈልን" ስትል ነው የገባኝ። ከሐዘኑ እኩል ንዴቱ አንገበገበኝ። እናቴ ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ልጅ አንስታ አታውቅም፤ እኔም ጠይቄያት አላውቅም።

ጅቡቲ ከመጣን በኋላ ሁለተኛውን አረገዝኩ። ባሌ ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር አንድ ቪላ ይጠብቃል፤ እኔ እዚያው ሰፈር ሌላ ቤት አበስላለሁ፤ የምናድረው ካርቲየ 4 በሚሉት ሰፈር በተከራየናት አንዲት ክፍል ነው። አምስተኛ ወሬን ስይዝ ሐኪም የልጁ አካል አንድ በአንድ ለሚታይበት ለትልቁ አልትራሳውንድ ቀጠረኝ። እዚህ ኤኮግራፊ ነው የሚሉት። አሠሪዬ "ደስ የሚል ቀን ነው፣ ፊቱን ታዪዋለሽ" ብላ በጠዋት ለቀቀችኝ። እሷ ስታወራው ፎቶ ልነሳ የምሄድ ይመስላል። እኔ ግን ፍርድ ቤት እንደተጠራ ሰው ሄድኩ።

ኤኮግራፊውን የምታነሳው መርማሪ ልጅነቷን ድሬዳዋ ያሳለፈች የጅቡቲ ሶማሌ ናት። አማርኛዋ ይንገዳገዳል እንጂ አይወድቅም። ባሌን ውጭ እንዲጠብቅ ነግራ አስተኛችኝና ሆዴ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት አፈሰሰች። መሣሪያዋን ትገፋለች፣ ስክሪኗን ታያለች፣ ትለካለች፣ ዝም። "በጎንሽ ተኚ" አለችኝ። ተኛሁ። "በሌላው።" ዞርኩ። ስክሪኑ ወደ እሷ ስለሆነ እኔ የማየው ፊቷን ብቻ ነው፤ ፊቷ ደግሞ ምንም አይናገርም።

ድንገት ተነስታ ወጣች። ስትመለስ አንድ ሽበታም ሐኪም አስከትላ ነው፤ ከኋላቸው ባሌ። ሦስቱም አልጋዬን ከበው ቆሙ።

አወቅሁት። ይህን አቋቋም አውቀዋለሁ።

"ከባሌ በፊት ለእኔ ንገሪኝ!" ብዬ ጮህኩ። "እናቱ እኔ ነኝ! ሞቷል አይደል?"

መርማሪዋ ክው አለች። "ዋላሂ፣ ማን ሞተ?" አለች። ከዚያ ስክሪኑን ጎትታ ወደ እኔ አዞረችው። ነጭ ነገር ትርገበገባለች። "ይሄ ልቡ ነው። ይመታል፣ አየሽ? ግን ጀርባውን ሰጥቶናል፤ የልቡን ክፍሎች ለይቼ ማየት ስላቃተኝ ነው ዶክተሩን የጠራሁት። ባልሽን ደግሞ ልጁን እንዲያይ ብዬ ነው። አባቶችን እንጠራለን፣ ልማዳችን ነው።"

አልቅሼ ስጨርስ ለምን እንደጮህኩ ነገርኳት። እጄን ይዛ ሰማችኝ። "እንዲህ ከሆነ" አለች፣ "የማየውን ሁሉ እያየሁ እነግርሻለሁ። አሁን ግን ውጪና ጣፋጭ ነገር ጠጥተሽ ተራመጂ። ይዞር ይሆናል።"

ባሌ የማንጎ ጭማቂ ገዛልኝ። ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ስል ወንበር ላይ የተቀመጡት እርጉዞች ሲያዩኝ፣ ጩኸቴን ሰምተዋል መሰለኝ፣ አንዷ ቦታዋን ልትለቅልኝ ተነሳች።

ስንመለስ ልጁ ዞሯል። መርማሪዋ ቃሏን ጠበቀች። ይሄ አንጎል ነው፣ ደህና ነው። ይሄ አከርካሪ፣ ይሄ ጨጓራ፣ እነዚህ ኩላሊቶች። ልቡ አራት ክፍል አለው፣ አራቱም አሉ። አንዳንዱን ምንም አላየሁትም፤ ጭጋግ ነው። ብቻ እሷ ስትለኝ አምናለሁ።

ከዚያ እጇ ቆመ። "አንድ ነገር አለ" አለች፤ ባሌን ሳይሆን እኔን እያየች። "የእንግዴ ልጁ ዝቅ ብሎ፣ የማህፀኑ አፍ አጠገብ ነው የተቀመጠው። ሆድሽ ሲያድግ አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ይላል፤ ተመልሰሽ መጥተሽ እናየዋለን። እስከዚያ ግን ጠብታ ደም ብታዪ፣ ቀን ሌሊት ሳትዪ እንድትመጪ።"

ፈራሁ፤ አልዋሽም። ግን ፍርሃቱ የራሴ ነበር፣ በእጄ የተሰጠኝ። ጾታውን ልንገርሽ ስትለኝም ንገሪኝ አልኳት። ሴት ናት።

ታክሲ ውስጥ ባሌ "የእንግዴ ልጁን ነገር ለእናትሽ አንንገራት፣ ትጨነቃለች" አለ። በዓይኔ ገላመጥኩትና ስልኬን አውጥቼ፣ እሱም እንዲሰማ ስፒከር ላይ አድርጌ ደወልኩ።

ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት፤ ደህናውንም፣ የሚያስፈራውንም። "ሴት ናት እማዬ" አልኳት በመጨረሻ።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ" አልኩ።

"የመጀመሪያዋም ሴት ነበረች" አለች። "ሳይቀብሯት በፊት አቅፌያታለሁ። ትጎጃለሽ ብዬ ነው እስከዛሬ የዋጥኩት።"

ባሌ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

"ንገሪኝ" አልኳት። ካርቲየ 4 እስክንደርስ ነገረችኝ።