ከሻካራው ግድግዳ ቀለም ሥር የወጣው ቀይ ጽሑፍ

ዛሬ ጠዋት ቀለም ቀቢው የሽቦ ብሩሹን አስቀምጦ፣ «እማማ አስካለ፣ ስምዎ እዚህ ግድግዳ ላይ ተጽፏል» ሲለኝ ተንደርድሬ ወጣሁ።

ኮልፌ ያለው ቤታችን የውጭ ግድግዳው ሻካራ ልስን ነው። የድሮው ቀለም እየተላጠ ስላስቸገረኝ ተፍቆ እንዲቀባ ብዬ ነበር። ቀቢው «ይሄ ግድግዳ ቀለም ይውጣል እንጂ አይተፋም» እያለ ሲያማርር ነው የሰነበተው።

በደርግ ጊዜ ቀበሌው የእጅ ጽሑፉ የሚያምረውን ባለቤቴን በገዛ ግድግዳችን ላይ መፈክር አስጻፈው። በእጁ ለስኖ የጨረሰውን ቤት በቀይ ቀለም ሲያበላሸው ተናደድኩ። ፊደል አልቆጠርኩም ነበርና «ምን ብለህ ነው የጻፍከው?» አልኩት።

«ማንበብ ስትችይ ታይዋለሽ» ብሎ ሳቀ።

ብዙም ሳይቆይ አዘመቱት። እንዳኮረፍኩ ነበርና አልሸኘሁትም። አልተመለሰም። ያን ቀይ ነገር ማየት አቅቶኝ ኖራ ለቀለቅሁበት።

ማንበብ የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው፣ ለብቻዬ፣ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ። ስንቱን ሳነብ የራሴን ግድግዳ ሳላነብ!

ዛሬ አነበብኩት። በትልልቁ «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር!» ይላል። ከሥሩ፣ ተጠግቶ ላላየው በማይታይ ደቃቅ ፊደል፦

«ከአስካለ በቀር።»

ቀበሌው አይቶት ቢሆን ኖሮ ባለቤቴ ገና ሳይዘምት ይታሰር፣ ግድግዳውም ይፈርስ ነበር።

ቀቢው «እንግዲህ ልፋቀው?» አለኝ። «ሌላውን ፋቀው፤ ይቺን ተዋት» አልኩት።

እናንተስ፣ ዘግይታችሁ ያነበባችሁት ነገር አለ? ከታች ጻፉልኝ። አሁን ማንበብ እችላለሁ።