የጋሽ ከድር ሦስት ራይቶች

ይህን ከአንድ ሰው በቀር ለማንም አልነገርኩም። የጥርሴን ሕመም እንኳ የማልደብቃት እናቴ አታውቅም። ለእናንተ መናገር የቀለለኝ ስለማታውቁኝ ይሆናል፤ ስሙኝና ከዚያ የፈለጋችሁትን በሉኝ።

የበደልኩት ሰው ጋሽ ከድር ይባላሉ። መካኒሳ፣ እኛ ሰፈር፣ ልብስ ሰፊ ነበሩ። እድራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ ነው። ሰው ሞተ ሲባል ከሁሉ ቀድመው የድንኳኑን ብረት ተሸክመው የሚታዩት እሳቸው ናቸው። የክርስቲያንም ይሁን የሙስሊም ቀብር፣ ለጋሽ ከድር ልዩነት አልነበረውም።

አባቴ የእድሩ ጸሐፊ ነው። እኔ ደግሞ ኮምፒውተር ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ሥራ አጥቼ ቤት የተቀመጥኩ ልጁ ነበርኩ። «ልጅህ ምን ትሠራለች?» ሲሉት ወሬ ሲቀይር እሰማዋለሁ። እና አንድ ቀን ብድግ ብዬ ለእድሩ ፕሮግራም ሠራሁ። ላፕቶፑ ላይ «ቀብር» የሚለውን ስትጫኑ ትንሽ መስኮት ብቅ ትላለች፤ ውስጧ የአባላቱ ስም በፊደል ተራ ተደርድሯል፣ ከእያንዳንዱ ስም ፊት ባዶ ሳጥን አለ። ከቀብር መልስ አባቴ ድንኳን ውስጥ ስም ይጠራል፣ «አቤት» ያለውን እኔ ራይት አደርጋለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው። አባቴ ግን አቤት ኩራቱ! የድሮውን መዝገብ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት።

ስህተቴን ልንገራችሁ። ፕሮግራሜ ራይቱን የሚያስታውሰው በሰው ሳይሆን በመስመር ነበር። ሠላሳኛው መስመር ላይ ራይት አለ፣ ሠላሳ አንደኛው ላይ የለም፤ የሚያውቀው ይህንን ብቻ ነው። ሠላሳኛው ጋሽ ከድር ናቸው። ሠላሳ አንደኛው ከፈለኝ የሚባል ሹፌር ነው፣ ክፍለ ሀገር ሲመላለስ ሦስት ቀብር ቀርቷል። ከዚያ ከበደ የሚባል አዲስ ጎረቤት መጣና መዘገብኩት። በፊደል ተራ ከበደ ከከድር ይቀድማል አይደል? ሠላሳኛው መስመር ላይ ቁጭ አለ። ጋሽ ከድር አንድ መስመር ወረዱ። ራይቶቹ ግን ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። የጋሽ ከድር ሦስት ራይቶች ለከበደ ሆኑ፣ የከፈለኝ ሦስት ባዶ ሳጥኖች ለጋሽ ከድር።

በደንባችን ሦስት ቀብር በተከታታይ የቀረ ሰው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ቆሞ ምክንያቱን ይናገራል። እሁድ ጠዋት ነበር። ሰብሳቢው ከላፕቶፑ ላይ የጋሽ ከድርን ስም አነበቡ። ጋሽ ከድር ሌላ ከድር የተጠራ መስሏቸው ዞር ዞር አሉ። ኋላ ተነሱ።

«ወላሂ፣ በሦስቱም ነበርኩ» አሉ።

«ጋሽ ከድር፣ ሰው ይረሳል፤ ኮምፒውተር ግን አይዋሽም» አሏቸው ሰብሳቢው። ሰው ሳቀ። ከኋላ አንዱ «ቤተክርስቲያን መግባቱ ከብዷቸው ይሆናላ» ሲል ሰማሁ። ጋሽ ከድርም ሰምተዋል፤ ፊታቸው ሲለዋወጥ አይቻለሁ።

እኔስ የት ነበርኩ? ላፕቶፑ አጠገብ ነበርኩ! ስክሪኑን ሳየው፣ ከበደ ገና ሰፈራችን ሳይመጣ በተፈጸመ ቀብር ላይ ራይት አለው። ወዲያው ገባኝ። «ስህተቱ የኔ ነው» ለማለት ስንት ቃል ይፈጃል? ግን አባቴ ጎኔ ደረቱን ነፍቶ ተቀምጧል፤ የሌላ ሰፈር እድር ሰዎች ፕሮግራሙን ሊያዩ መጥተው ፊት ለፊቴ አሉ። ጭጭ አልኩ። ለአባቴ ብዬ ነው እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖሬያለሁ። ውሸቴን ነው። ለራሴ ብዬ ነው። ከተመረቅኩ ጀምሮ «ጎበዝ» ስባል ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር፣ እሱን ማጣት አልፈለግኩም።

ከሰዓት በኋላ ቤት ገብቼ አስተካከልኩት። ራይቱን ከመስመሩ ፈትቼ ከሰውየው ጋር አሰርኩት፣ የጋሽ ከድርንም ሦስቱን መለስኩ። አንድ ሰዓት አልፈጀብኝም። ማን አየው? ማንም። ሰው ሁሉ ፊት ጮክ ተብሎ የተነበበውን እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ በዝምታ አረምኩት።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ከድር ቀብር ላይ ሌላ ሰው ሆኑ። ድሮ ከድንኳኑ ጀርባ ገመድ ሲወጥሩ ነበር የሚገኙት፤ አሁን መጥተው አባቴ ፊት ይቆማሉ። ስማቸው ሲጠራ እንደ ተማሪ እጃቸውን ያወጣሉ። ከዚያ ወደኔ ጎንበስ ብለው «አደረግሽልኝ የኔ ልጅ?» ይሉኛል። «አደረግኩ ጋሽ ከድር» እላለሁ። ደግሞ እላለሁ እኮ!

ይሄም አልበቃ። ከሦስቱ ሟቾች አንዱ የእትዬ አልማዝ ባል ነበር። እትዬ አልማዝ ለእናቴ ስታወራ እንደሰማሁት፣ ጋሽ ከድር ቤቷ ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠይቀዋታል። «ባልሽን የቀበርኩ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እርጅና ነው። በሐሰት ምያለሁ፣ ይቅር በይኝ» ብለዋታል። እሷም በሐዘን ደንዝዛ ስለነበር ማን እንደመጣ ማን እንደቀረ አታስታውስም፣ ይቅር አለቻቸው። ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እኮ እሳቸው ነበሩ! በዓይኔ አይቻለሁ። እኔን ይብላኝ። ሰው ፊት ማዋረዴ ሳያንስ የገዛ ራሳቸውን እንዳያምኑ አደረግኳቸው።

ባለፈው ሳምንት ታክሲ ይዤ ፉሪ ሄድኩ፤ አሁን የሚኖሩት እዚያ ልጃቸው ቤት ነው፣ ለቀብር ግን አሁንም ይመጣሉ። እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መስመሩን፣ ከበደን፣ ዝምታዬን። እስክጨርስ በትዕግስት ሰሙኝ። ከዚያ ጭንቅላቴን ዳሰስ አድርገው ሳቁ።

«ተይ የኔ ልጅ። ሽማግሌ ላጽናና ብለሽ በራስሽ ላይ አትዋሺ» አሉኝ። ሻይ እንዲቀርብልኝም አዘዙ።

የፊታችን እሁድ እድሩ ይሰበሰባል፤ ቆሜ እናገራለሁ። ይቅር በሉኝ ግን አልልም፣ እናንተንም አልላችሁም። እሳቸው እምቢ ያሉኝን እናንተ እመኑኝ፦ ጋሽ ከድር በሦስቱም ቀብር ነበሩ።