ለሽምግልና ሄጄ የጠጣሁት ቡና

ሐሙስ፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል፣ ላምበረት

መናኸሪያው ገና ሳይነጋ ይጮሃል። "ደሴ! ኮምቦልቻ! የሞላ!" ይላል ረዳቱ። የሞላ በተባለው መኪና ውስጥ ያለነው አራት ሰዎች ነን። ታናሽ ወንድሜ ኤርሚያስ ሊሸኘኝ መጥቶ ከመስኮቱ ሥር ቆሟል፤ እጁን ኪሱ ከቶ የሚለው ጠፍቶበታል። መኪናው ከአንድ ሰዓት በኋላ ሞልቶ ሲንቀሳቀስ ነው ተንፈስ ያለው።

"ጋሼ፣ በናትህ፣ እንደምንም አሳምኗቸው።"

ጉዳዩ ይህ ነው። ከአምስት ወር በፊት የኤርሚያስ ሚስት ብርቱካን እናቷ ሞቱባት። የሦስት ዓመት ልጃቸውን ይዛ ደሴ ሄደች። ኤርሚያስ ሐዋሳ የሕንፃ ሥራ ይዞ ነበርና ለቀብር አልደረሰም፣ ለሠልስትም አልደረሰም። "ለአርባው እመጣለሁ" አለ፤ ለአርባውም ሥራ ያዘው። ብርቱካን በዚያው ቀረች። አባቷ አቶ ተሰማም "አማቱን ያልቀበረ ሰው ልጄን አይወስድም" ብለው በሩን ዘጉ።

እውነቱን ለመናገር አልፈርድባቸውም። እኔም ታላቅ ወንድም ተብዬ ለቅሶ አልደረስኩም። አስተማሪ ነኝ፤ የፈተና ወረቀት እያረምኩ ነበር። ደውዬ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አልኩና እንደደረስኩ ቆጠርኩት። አሁን ደግሞ አስታራቂ ሆኜ እየሄድኩ ነው፤ አይን አውጣነት ይሏል ይህ ነው።

ስለ ራሴ ሌላም ነገር አለ። አርባ አራት ዓመቴ ነው፤ ቡና ጠጥቼ አላውቅም። ልጅ ሳለሁ እናቴ "ቡና የጠጣ ልጅ ይጠቁራል" ትለን ነበር። አንድ ቀን ተደብቄ ከስኒ ሥር የቀረውን አተላ ቀመስኩና ተፋሁት፤ ተፍቼው ቀረሁ። በዚህ አገር ቡና አልጠጣም ማለት ቀላል አይደለም። በየሄድኩበት "አሞሃል?" ይሉኛል። "ጨጓራ ነው" እላለሁ፣ እንዲተዉኝ።

ሐሙስ፣ መንገድ ላይ

ደብረ ብርሃን በጉም ተሸፍናለች። ሰዉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ ይሄዳል። ደብረ ሲና ሴቶች ቆሎ በላስቲክ ይዘው መስኮት ያንኳኳሉ፤ በሃያ ብር አንድ እፍኝ የማይሞላ ገዛሁ። ሸዋ ሮቢት ሙቀቱ ጃኬት ያስወልቃል፤ ማንጎ በባልዲ፣ ሽንኩርት በጆንያ መንገድ ዳር ተደርድሯል። ከዚያ ወዲያ ኬላው በዛ። እንወርዳለን፣ መታወቂያ እናሳያለን፣ እንፈተሻለን፣ እንሳፈራለን። ሾፌሩ በየኬላው መስተዋቱን እያስተካከለ "ትዕግሥት ነው እንግዲህ" ይላል። አራተኛው ኬላ ላይ እሱም ዝም አለ።

ሐሙስ፣ 9 ሰዓት፣ ደጋን

ኮምቦልቻ ወርጄ በሚኒባስ እዚህ መጣሁ። አባ ሙሄ መንገድ ዳር ቆመው ይጠብቁኛል። የሟች አባቴ ወዳጅ ናቸው፤ ሰባውን አልፈዋል፤ በሸርጥና በኮት ነው የሚለብሱት። ያስታረቋቸውን ባልና ሚስት ቁጥር ራሳቸውም አያውቁትም ይባላል።

"አሰላሙ አለይኩም! ኸይር ነው? መንገዱ እንደምን ነበር?"

"ደህና ነው አባ፤ እርስዎ ደህና ነዎት?"

"አልሐምዱሊላህ። ግባ፣ ግባ።"

ልጃቸው ዘይነባ ቡና ቀድታ ስታቀርብልኝ ጨጓራዬን አስታወስኩ። አባ ሙሄ ሳቁ።

"ስማኝማ። ለዚህ ሐጃ፣ ለዚህ ጉዳይ፣ የአንተን ስም ያነሳሁት ለምን መሰለህ? ታላቅ ወንድም ስለሆንክ ብቻ አይደለም፤ ቡና ስለማትጠጣ ነው።"

ከዚያ አስረዱኝ። ለእርቅ የሄደ ሽማግሌ "እሺ" እስኪባል ድረስ ከዚያ ቤት ምንም አይቀምስም። ባለቤቱ ቡናውን ያቀርባል፤ ሽማግሌው ፊቱ አስቀምጦ ያቀዘቅዘዋል። እንግዳ ቡናውን ሳይጠጣለት ከቤቱ እንዲወጣ የሚፈልግ ሰው ደግሞ የለም። ልቡ የሚላላው እዚያ ላይ ነው። የጠጣ ሽማግሌ ግን ጥያቄውን ተወ ማለት ነው።

"እኛ ሌላ ምን ዱላ አለን? ስኒው ብቻ ነው ዱላችን" አሉ። "አንተ እንኳ አታሰጋም። ይልቅ የኔን ቤት ቡና ቅመስ፤ የዚያን ቤት አትንካ።"

ማሳፈር ስላልፈለግሁ ቀመስኩ። ጨው ገብቶበታል፤ ጤና አዳምም አለበት። ዓይኔን ጨፍኜ ዋጥኩት። መራራ ነው፤ ግን አልተፋሁትም። ዘይነባ ደግማ ስትቀዳልኝ ስኒውን ተቀበልኳት።

ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ኮምቦልቻ

አባ ሙሄ ጁምዓ ሰግደው ሦስተኛውን ሽማግሌ ቄስ ደምሴን ሊያገኙ ሄደዋል። ሁለቱ የቆዩ ጓደኞች ናቸው፤ ሽምግልና ሲሆን አንዱ ያለ ሌላው አይንቀሳቀስም። እኔ ወደ ደረቅ ወደቡ በሚወስደው መንገድ ብቻዬን እዞራለሁ። ፀሐዩ ያናድዳል። የከባድ መኪኖች ሰልፍ፣ የጎማ ሽታ፣ ከፋብሪካ የሚወጡ ሴቶች፣ በጥላ ሥር የጀበና ቡና። በርጩማ ላይ አረፍ ብዬ ሻይ አዘዝኩ።

"ሻይ የለም" አለችኝ ቡና ሻጯ።

ጎኔ የተቀመጠ ካሱ የሚባል የጂቡቲ መስመር ሾፌር "አንድ ቅጂለት፣ በኔ ነው" አላት። ስኳሩን ላነሳ ስል እጄን ያዘኝ።

"ተወው። በስኳር ከሆነ ሻይህን ፈልግ። ፉት በል፤ ቶሎ አትዋጠው፤ ምላስህ ላይ ትንሽ ያዘው።"

እንዳለኝ አደረግሁ። መራራነቱ መጣ፤ ጠበቅኩት፤ አለፈ። ከሥሩ እንደ ተቆላ ገብስ ያለ ነገር መጣ፤ ቀጥሎ ትንሽ ኮምጠጥ ያለ። ስውጠው ደግሞ ጉሮሮዬ ላይ ጣፋጭ ነገር ቀረ። ሌላ ፉት አልኩ። ደስ አለኝ። ቃል አላሳምርም፤ በጣም ደስ አለኝ፤ ከዚያም ተናደድኩ። አርባ አራት ዓመት ሙሉ በየሰዉ ቤት ለብ ያለ ሻይ ይዤ የተጎለትኩት ለዚህ ነው?

"ሦስት ቀኔ ነው ጭነት ስጠብቅ" አለኝ ካሱ። "ይሄ ባይኖር ከሰው እጣላ ነበር።"

ሦስት ስኒ ጠጣሁ፤ አንዱን በእሱ፣ ሁለቱን በኔ፣ ስኒው በሠላሳ ብር። ለአባ ሙሄ አልነገርኳቸውም። ለምን እንዳልነገርኳቸው እስካሁን አላውቅም፤ ምናልባት ስላፈርኩ ይሆናል።

ቅዳሜ፣ ጠዋት፣ ደሴ

ከኮምቦልቻ ሽቅብ ስንወጣ ራሴን ያመኛል። አባ ሙሄ ከሱብሂ ሶላት መልስ ቶሎ እንነሳ ስላሉ አፌ ላይ ምንም አላደረግሁም። ሐራራ የሚሉት ነገር እንዲህ በሁለት ቀን ይይዛል ብዬ አላሰብኩም። መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ብርዱ እየጨመረ ይመጣል፣ ቄስ ደምሴ ጸሎታቸውን በለሆሳስ ይላሉ።

የአቶ ተሰማ ቤት ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ነው፤ የቆርቆሮ አጥር ያለው፣ ግቢው የተጠረገ። የሟቿ ፎቶግራፍ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አቶ ተሰማ በክብር ተነስተው ተቀበሉን። የልጅ ልጃቸው ጉልበታቸው ላይ ተኝታለች። ብርቱካን ጥቁር ለብሳለች፤ ከስታለች። ቀና ብላ አላየችንም። ቡናውን ቀድታ ሦስቱንም ስኒ ፊታችን አስቀመጠች። አልነካናቸውም።

አባ ሙሄ ጀመሩ። ቀስ ብለው፣ ኤርሚያስን ሳይከላከሉ፣ "አጥፍቷል፤ ጥፋቱንም ይዘን ነው የመጣን" አሉ። ቄስ ደምሴ ስለ ሕፃኗ ተናገሩ። አቶ ተሰማ ረጅም ጊዜ አዳመጡ።

"ሚስቴ ስትሞት እዚህ ደጅ ድንኳን ተጥሎ ነበር" አሉ በመጨረሻ። "ሦስት ቀን መግቢያ መግቢያውን አየሁ። ከእናንተ ወገን አንድ ሰው አልመጣም።" ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ታላቁ ነህ። ምን ይዞህ ነው?"

"ፈተና እያረምኩ ነበር።"

"ስንት ልጅ?"

"መቶ ሰማንያ።"

"ሁሉም አለፉ?"

አባ ሙሄ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አቶ ተሰማ የሕፃኗን ፀጉር እየዳበሱ ስኒዎቹን አዩ።

"ቡናው ቀዘቀዘ እኮ" አሉ። ድምፃቸው ላልቷል።

"የእርስዎ ቃል ያሞቀዋል" አሉ አባ ሙሄ።

አቶ ተሰማ ፈገግ ሊሉ ምንም አልቀራቸውም ነበር። "ብርቱካን፣ ይሄን ድፊና ትኩሱን ቅጂላቸው" አሉ። ቄስ ደምሴ በጉልበታቸው ነካ አደረጉኝ፤ ሊሆን ነው ማለታቸው ነው። ብርቱካን ቀዳች። ትኩሱ ቡና ፊቴ ተቀመጠ፤ ሽታው ወጣ። እኔ "ሁሉም አለፉ?" የሚለው ላይ ነበርኩ። አሳልፌያቸዋለሁ? ሠላሳ ያህሉ ወድቀዋል። ሰውዬውን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ፤ እጄን የማደርግበት አጣሁ። ስኒውን አነሳሁ። ፉት አልኩ፤ ምላሴ ላይ ያዝኩት። ራስ ምታቴ ለቀቀኝ። ደገምኩ። ሠለስኩ። ከጠጣሁት ሁሉ እሱ ይበልጥ ነበር፤ ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን እውነት ነው።

ስኒውን ስመልስ ነው ቤቱ ጸጥ ማለቱን የሰማሁት።

አባ ሙሄ ዓይናቸውን ጨፍነው "ላ ኢላሃ ኢለላህ" አሉ። አቶ ተሰማ ባዶውን ስኒ አዩት። ፊታቸው ላይ የነበረው ልስላሴ ሁሉ ሄደ።

"ጥሩ" አሉ። "ለቅሶ ደርሳችኋል። ዘግይታችሁም ቢሆን እግዜር ይስጥልኝ።"

ቄስ ደምሴ ደነገጡ። "አቶ ተሰማ፣ እኛ እኮ የመጣነው…"

"ቄስ፣ ለእርቅ የመጣ ሰው ቡናዬን አይጠጣም። ለቅሶ የመጣ ይጠጣል። ይህን እኔ ለእርስዎ ልንገርዎት?"

"ሳላስበው ነው የጠጣሁት" አልኩ።

"ልጄንም ሳታስቧት ነው የተዋችኋት" አሉና ሕፃኗን አቅፈው ወደ ጓዳ ገቡ። ከዚያ በኋላ ማን ምን ይላል? ተነሳን።

ብርቱካን እስከ አጥሩ በር ሸኘችን። ሽማግሌዎቹን አሳልፋ እኔን አቆመችኝ።

"ጋሼ፣ አንተ ቡና አትጠጣም ነበር እኮ።"

"ኮምቦልቻ ላይ ጀመርኩ።"

"መቼ?"

"ትናንት።"

አላለቀሰችም። "ሻንጣችንን ትናንት ማታ አስሬ ነበር" አለች። "አባቴ እሺ ሊል ነው ብዬ።"

"ታዲያ ነይ! ባልሽ ይጠብቅሻል፣ አሁኑኑ እንሂድ።"

"አባቴ እናቴን ቀብሮ አምስት ወሩ ነው። እሱን ያለ ቃሉ ብቻውን ጥዬው አልሄድም።" በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

ኮምቦልቻ ስንደርስ "ሌላ ቀን እንመለስ ይሆን?" ብዬ ጠየቅሁ። አባ ሙሄ ከመኪናው ሲወርዱ እጄን ያዙ።

"አብሽር። ክፋት የለህም፣ አውቃለሁ። ግን በምን ፊቴ ልመለስ? ጨርሰናል ብለን ጠጥተን ወጣን እኮ።"

እሑድ፣ አመሻሽ 11 ሰዓት፣ ላምበረት

የመልሱ መንገድ ያው ነው፤ ኬላው፣ ሙቀቱ፣ ብርዱ በተራቸው። አንዱንም በደንብ አላየሁትም። ኤርሚያስ መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ እያንዳንዱን መኪና ይመለከታል። ተላጭቷል፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። ብቻዬን ስወርድ ከኋላዬ ሰው ይወርድ እንደሆነ ጠበቀ። በሩ ተዘጋ።

እዚያው አጠገብ ካለች ቤት ገባን። አስተናጋጇን ጠርቶ "ለኔ ቡና፣ ለሱ ሻይ" አላት። አላረምኩትም።

"አባትየው እምቢ አሉ" አልኩት።

ቡናው መጥቶ ፊቱ ሲቀመጥ አልነካውም።

"ቆይ" አለ፤ "ቡናቸውን ጠጣችሁ እንዴ?"

"ማንም አልጠጣም" አልኩና ሻዬን ማማሰል ጀመርኩ።