«የሱፍ ነው» ያልሁት አጥሚት

ትናንት ከሰዓት በኋላ ልጄ አጥሚት በኩባያ ይዛልኝ መጣች። ሁዳዴ ከተያዘ አምስተኛው ሳምንት ነው። ጭኔ ተሰብሮ ከተኛሁ ወዲህ ደባርቅ ቤቷ ወስዳ የምታስታምመኝ እሷው ናት፤ እጇም ቀና፣ አንደበቷም ለስላሳ ነው፣ እግዜር ይስጣት። ኩባያውን ተቀብዬ አንድ ጊዜ ፉት አልሁና ምላሴ ላይ አቆየሁት። ነጣ፣ ወፈር ያለ ነው።

«የምን ነው?» አልኋት።

«የአጃ ነው፤ ሱፍ አጥልዬበት» አለችና መጋረጃውን ልታስተካክል ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ምላሴም እንደ እግሬ አርጅቷል፣ ብዙም አላምነውም። ሱፍ ስትለኝ ግን ደነገጥሁ። በዚያች ቃል እኔም ሰው ሸንግያለሁ፤ ያውም ደመወዝ እየተከፈለኝ።

ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ተወልጄ ካደግሁበት ከአምባ ጊዮርጊስ ወጥቼ፣ የጤና ረዳት ኮርስ ጨርሼ፣ ዳባት አጠገብ በነበረ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ተቀጠርሁ። ቤቱ ዛሬ የለም። ረጅም ባለ ቆርቆሮ አዳራሽ ነበር፤ በግራ ወንዶች፣ በቀኝ ሴቶች ይተኛሉ፣ መካከሉን ጨርቅ ጋርደንበታል። በበጋ ነፋሱ አቧራውን በበሩ ሥር እያስገባ ያለብሰናል፤ ጠዋት ጠርገን ማታ ደግሞ እንጠርጋለን። ኃላፊያችን ሲስተር ዘርፌ የምትባል ነርስ ነበረች። ቁጡ ናት፣ ሥራ ወዳድ ናት፣ ሽማግሌ ሲሞትባት ዕቃ ቤት ገብታ የምታለቅስ ሴት ናት። ክፉ ብትሆን ኖሮ ይህን ታሪክ ማውራት ይቀለኝ ነበር።

አባ ተድላ የደረስጌ ገበሬ ነበሩ። ሚስታቸውንም ልጆቻቸውንም ቀብረው ብቻቸውን ሲቀሩ የአገራቸው ሰዎች በቃሬዛ አምጥተው ሰጡን። ተረከዛቸው ላይ ቁስል ነበራቸው፤ አልሽር እያለ ሲያስቸግር ሁዳዴ ገባ። ሊያያቸው የመጣው ሐኪም ወተትና እንቁላል ካላገኙ ሰውነታቸው ቁስሉን ሊዘጋው እንደማይችል፣ አጥንት ከነካ ደግሞ ጎንደር ወስዶ እግራቸውን ከመቁረጥ በቀር ሌላ መላ እንደሌለ ነገረን። አባ ተድላ እስኪጨርስ ሰሙት።

«የኔን ጾም የሚፈቱት ደረስጌ ያሉት የንስሐ አባቴ ናቸው» አሉ። «የሳቸውን ቃል አምጡልኝ፤ የሰጣችሁኝን እጠጣለሁ።»

ይኸው ነው የጠየቁት። አሁን ሳስበው ምን የሚከብድ ነገር ነበረው? ያን ጊዜ ግን ደረስጌ ሩቅ መሰለን፣ የሠራተኛው ቁጥር ትንሽ ሆነብን፣ ማን ይሂድ እየተባለ አንድ ሳምንት አለፈ። ከዚያ ሲስተር ዘርፌ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ እጄ ላይ አስቀመጠች። ከአጃው ጋር አማስይው፣ ከጠየቁሽ ሱፍ ነው በያቸው፣ ኃጢአቱ በኔ ይሁን አለችኝ። ሱፍ ተወቅጦ በውኃ ሲጠልል እንደ ወተት እንደሚነጣ ጾም የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ከዚህ የተሻለ ውሸት አይገኝም ነበር።

የመጀመሪያውን ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይዤላቸው ሄድሁ። ኩባያውን ወደ ብርሃኑ አቅርበው አዩት።

«አንች ልጅ፣ ምን አነጣው?»

«የሱፍ ነው አባ።»

«እናቴም እንዲህ አድርጋ ነበር የምታጠልለው» ብለው ጠጡና መረቁኝ። ምርቃቱ ረጅም ነበር። እኔ ቆሜ «አሜን» እያልሁ የት እንደምገባ ጠፋኝ።

እንዲህ ሦስት ሳምንት ሄድን። ቁስሉ መልኩ አማረ፣ ጠርዙ መሰብሰብ ጀመረ። ጨርቁን ስፈታ ደስ ይለኛል፣ አጥሚቱን ሳማስል አፍራለሁ፤ ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ ነው የሚሠራው። በዚያ መሐል ከበላይ መሥሪያ ቤት አንድ ተቆጣጣሪ መጥቶ የአባ ተድላን እግር አየና እንክብካቤያችን ለሌላው ምሳሌ ይሆናል ብሎ ጻፈልን። ሲስተር ዘርፌ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጠፈችው።

በሆሳዕና አባ ተድላ የዘንባባ ቀለበት ጣታቸው ላይ አጥልቀው፣ ዱላ ተደግፈው ቆሙ። ሐኪሙ ወተት ሲል እሳቸው በጾማቸው እንደዳኑ ለአዳራሹ ሁሉ ተናገሩ። ቀጥለው ለጸሎተ ሐሙስ እንድናስቆርባቸው ለመኑን። እኔ ሲስተር ዘርፌን አየሁ፣ እሷ መሬት መሬት አየች። ኋላ ለብቻችን ስንሆን፣ ያልበደለ ሰው ምን ያስፈራዋል፣ ዝም ብለሽ ውሰጃቸው አለችኝ። እውነትም እሳቸው አልበደሉም። ታዲያ የበደለው ማን ነው? የሚቆርቡትስ በማን ጾም ነው? ሐሙስ እስኪደርስ ይህን ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትሁ፤ አንዱንም አልቋጨሁትም።

በዕለቱ ጥፍራቸውን ቆርጬ፣ የታጠበ ነጠላ አልብሼ በጋሪ ይዣቸው ወጣሁ። ከየቤቱ የጉልባን ሽታ ይመጣል፤ ስንዴውና ባቄላው እየተንፈቀፈቀ ነው። አባ ተድላ መንገዱን ሁሉ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይጸልያሉ። የቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች ከሩቅ ሲታዩ በደስታ እጄን ያዙኝ። ያን ጊዜ አልቻልሁም።

«አባ፣ ሱፍ አልነበረም» አልኋቸው። «ወተት ነው።»

«ስንት ቀን?» ብለው ጠየቁኝ። ሦስት ሳምንት አልሁ። እጄን ለቀቁና ለባለ ጋሪው «መልሰኝ» አሉት። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእጃችን ያልተላጠ ቅቅል ድንች ብቻ ሆነ የሚቀበሉት። ልጣጩን በጥፍራቸው እያነሱ፣ እያገላበጡ አይተው ይበላሉ። ፋሲካም መጥቶ አለፈ፤ ወተት ለሁሉም ሲፈቀድ እሳቸው ኩባያ አልነካ አሉ። ሰውነታቸው ሟሸሸ፣ ቁስሉም እንደገና ማዠት ጀመረ። ሲስተር ዘርፌ እውነቱን በመናገሬ እግራቸውን የማስቆርጠው እኔ መሆኔን ፊት ለፊት ነገረችኝ።

ግራ ሲገባኝ ከደባርቅ ገበያ ወደ ደረስጌ በሚመለሱ ሰዎች ለንስሐ አባታቸው ቃል ላክሁ። በሁለተኛው ሳምንት መልሱ መጣ። የታመመ ሰው ጾም አይገደድም፣ ፈትቼዋለሁ፣ ምነው ቀድማችሁ አልጠየቃችሁኝም ብለው ነበር። ያን ሁሉ ያስዋሸን ነገር ይህን ያህል ቅርብ ኖሯል። ሮጬ ለአባ ተድላ ነገርኋቸው።

«ጾሙንስ ፈቱልኝ» አሉ። «እጅሽን ግን እንዴት ብዬ ልመነው?» ቀጥለው «ከፊቴ አብስይው» አሉኝ።

የላምባ ምድጃውን ተሸክሜ አልጋቸው አጠገብ አስቀመጥሁት። አጃውን አሳየኋቸው፣ የወተቱን ቆርቆሮ ከፍቼ አስሸተትኋቸው፣ ውኃውን ዐይናቸው እያየ ቀዳሁ። ሲጨርሱ ኩባያውን መለሱልኝ፤ ምርቃት ግን አልነበረም። በማግሥቱ ሌሎቹም ከፊታችን ይብሰል አሉ። አዳራሹ በጭስና በወሬ ሞላ። ተቆጣጣሪው ዳግም ሲመጣ መኝታ ክፍል ውስጥ እሳት መንደዱን አይቶ፣ ለአረጋውያን ደኅንነት ግድ የሌለው ቤት ብሎ ጻፈብን። የአባ ተድላ ቁስል ቀስ እያለ ደረቀ፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት አብረውን ከረሙ። እስኪሞቱ ድረስ አንድም ቀን መልሰው አልመረቁኝም።

እስከ ዛሬ አልገባኝም። የዋሸሁባቸው ሦስት ሳምንት እግራቸውን አዳነ፤ እውነቱን የተናገርሁባት ቀን ልታስቆርጠው ደረሰች። በጡረታ እስክወጣ ስንት በሽተኛ በእጄ አልፏል፤ ደህና አስታማሚ ነበርሽ ወይ ብትሉኝ የማነሣው እሳቸውን ነው፣ ለየትኛው መልስ እንደማነሣቸው ግን አላውቅም።

ትናንት ልጄ መጋረጃውን እየጎተተች ሳለ ጀርባዋን አየሁና «ለጸሎተ ሐሙስ ልቆርብ አስቤአለሁ» አልኋት።

እጇ መጋረጃው ላይ ቀረ። ቀጥላ መጥታ ኩባያውን ከእጄ ቀስ አድርጋ ወሰደች።

«ቀዝቅዟል እማ» አለችኝ። «ሌላ ላምጣልሽ።»

አጥሚቱ ገና እንፋሎቱ ይወጣ ነበር። ልቆጣት ፈለግሁ፣ ደግሞም አቅፌ ላለቅስ ፈለግሁ። እንደ ያኔዋ እኔ ሃያ ሁለት ዓመቷ አይደለም፣ ግን ኩባያውን ይዛ ስትወጣ አረማመዷ የኔው ነው። በሩ ላይ ሳለች ጠራኋት።

«ምድጃውን እዚህ አምጪው፤ ከፊቴ አብስይው» አልኋት። «ወተትም ከሆነ ግድ የለም፤ እያየሁ ጨምሪው።»