ሽምግልናችንና የጃፓኑ ካርቱን

ሽማግሌ ተብሎ በተላከ ሰው አፍ ሊነገር የማይገባውን ላወራ ስለሆነ፣ አንባቢ አስቀድሞ ይቅር ይበለኝ።

በአውሮፓውያኑ ዘጠናዎቹ መጨረሻ ላይ ለጓደኛዬ ለአህመድ ሚስት ልንጠይቅ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ከጄኔቭ ዙሪክ ሄድን። ምልልሳችን ሦስተኛ ነው፤ የልጅቷ አባት ጋሽ ሰይድ ሁልጊዜ «ዘመድ ላማክር» እያሉ ይመልሱናል። የስድስት ዓመቷን የእህቴን ልጅ ሰሚራን የሚይዝልኝ ስላጣሁ፣ እሷም ተከተለችን።

እሺ ሳይሉን አንቀመጥምና እንደ ወጉ ቆመን፣ በባቡር መንገዱን ሙሉ ያጠናሁትን ንግግር ጀመርኩ። የጋሽ ሰይድ ዓይን ግን ከቴሌቪዥኑ አልነቀል አለ። አንድ ቅብጥብጥ የጃፓን ካርቱን ልጅ የአስተማሪውን ጫማ ሰርቆ ይሮጣል።

«ጋሽ ሰይድ፣ ልጅዎን ለልጃችን...»

«ቆዩማ! ይሄ ባለጌ ጫማውን የት ሊደብቀው ነው?»

ካርቱኑ «ይቀጥላል» ብሎ እዚያው ላይ ተቋረጠ።

«እስከ ሌላ ቅዳሜ ልጠብቅ ነው?» ብለው ጮኹ።

«እኔ አውቃለሁ» አለች ሰሚራ፣ ሶፋው ላይ ተንሰራፍታ። «ጄኔቭ በፈረንሳይኛ አይቼዋለሁ።»

«ንገሪኛ፣ የኔ ዓለም!»

«ኖ! መጀመሪያ ልጅህን ስጠን።»

በዕድሜ ከአባቷ የሚበልጡትን ሰው «አንተ» ስትል መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሽምግልናው አበቃለት አልኩ። ጋሽ ሰይድ እኔን አዩ፤ ባዶውን ቴሌቪዥን አዩ፤ እሷን አዩ።

«ሰጥቻለሁ! በይ አሁን ተናገሪ!»

አህመድ እስከዛሬ ሚስቱን ያስገኘለት የእኔ ንግግር ይመስለዋል። አደራ፣ ማንም እንዳይነግረው።